ለመኪናዬ ያንበረከክኋቸው ሰው

ይህን ነገር ሙሉውን የሰማ ሰው የለም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ ግን ግማሹን ነው። «አባ፣ በመኪና ጉዳይ ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። በመኪና ጉዳይ! እሳቸውም የመኪና ውሸት ምን ያህል ይከብዳል ብለው ነው መሰለኝ የሰባት ቀን ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴን እንኳ ሳያመኝ ጨረስኩት። ሌላውን ግማሽ፣ ሰው ያለበትን ግማሽ፣ ዋጥኩት። አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ እሱን ነው። የምነግራችሁም ስለማታውቁኝ ነው፤ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ።

ሰናይት እባላለሁ። ሽሮ ሜዳ ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ እዚያው ነው የምኖረው። በስልክ የሚጠራ ታክሲ እነዳለሁ። የበደልኳቸው ሰው ጋሽ አንጁሎ ይባላሉ። ሸማኔ ናቸው፣ የጋሞ ሰው፤ ከቤታቸው እስከ ቤታችን አርባ እርምጃ አይሞላም። በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በአባታቸው ግቢ ሲካሰሱ፣ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። «ነበሩ» የምለው ሞተው አይደለም። በሕይወት አሉ። «ነበሩ» ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሚያስታርቁ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ምን እንዳጠፋሁ አይገባችሁም። በአገራቸው ወግ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ የተቆጣ ሰው ሣሩን ረግጦ አያልፍም። ይህ እዚያ ጋሞ ደጋ ላይ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ሽሮ ሜዳ ጭቃ ላይ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ወንድሙን ሊፈነክት ዱላ ይዞ የወጣ ጎረምሳ፣ ጋሽ አንጁሎ ከነሣራቸው መንገዱ ላይ ሲንበረከኩ ዱላውን ጥሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። እሳቸው ግን ሣር ከማጨዳቸው በፊት እውነቱን ይጠይቃሉ። ለውሸት ሣር የያዘ ሰው ሁለተኛ ሣር አይነካም፤ እንደዚያ ነው የሚያምኑት። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሳላውቅ ነው ያደረግሁት እንዳልል፣ አውቃለሁ!

መኪናዋ አዲስ ነበረች። ነጭ፣ ትንሽ፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ፤ የወንበሮቿን ላስቲክ እንኳ ገና አላነሳሁም። ቁልፏን ያስረከበኝ የድርጅቱ ጋራዥ ኃላፊ ኢንጂነር ናትናኤል የሚባል ሰው ነው። እኩያዬ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ቃል እየቆጠረ የሚናገር። ጋራንቲውን ገጽ በገጽ አስረዳኝ። «የሚበላሸው ሁሉ በእኛ ነው፤ ከእኛ እጅ ሌላ እጅ ከነካት ግን ጋራንቲ የለዎትም» አለኝ። ገባኝ አልኩ፣ ፈረምኩ። ፊርማዬን እንኳ አሳምሬ ነው የፈረምኩት።

ታዲያ ምን ጎደለኝ? ዳገት። የእኛን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ አራት ሰው ጭኜ ከሆነ፣ መኪናዬ ታዘግማለች። ፋብሪካው ጉልበቷን ገድቦ ነው የሠራት፣ ለራሷ ዕድሜ ብሎ። አንድ ቀን ከኋላዬ የመጣ ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈኝ፤ ወያላው በመስኮት ወጥቶ «እትዬ፣ ባትሪ ድንጋይ ቀይሪላት!» አለኝ። የጫንኳቸው ተሳፋሪዎች ሳቁ። በገዛ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠው ሳቁብኝ! ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

ለሰው ስናገር «ሥራ አስገድዶኝ ነው» እላለሁ። የምን ሥራ? ሥራዬ ምንም አልጎደለበትም ነበር። ቀስ ብዬም ወጣሁ ፈጥኜ፣ የሚከፈለኝ ያው ነው። ዕብሪት ነው። ሴት ሾፌር ነሽ ተብዬ ስንት ዓመት የዋጥኩት ነገር ሁሉ በዚያች በባትሪ ድንጋይ ወጣ ልል እችላለሁ፤ ግን እሱም ሰበብ ነው። ሰበብ አላጣም እኔ።

በሳምንቱ ሸጎሌ ሄድኩ። ከከብት ገበያው ወረድ ብሎ ኪሩቤል የሚባል ሰው አለ፤ ላፕቶፑን መኪና ላይ ሰክቶ ፋብሪካው የቆለፈውን ጉልበት ይከፍታል። በሬዎቹ እያገሱ፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰ። «ጋራንቲዋስ?» አልኩት። «ችግር ከመጣ ወደነበረችበት እመልሳታለሁ። ማን ያውቃል?» አለኝ። ማን ያውቃል! እኔም ከዚያ በኋላ ለራሴ ደጋግሜ ያልኩት ይህንኑ ነው።

በማግስቱ እስከ እንጦጦ ማርያም በአንድ ትንፋሽ ወጣሁ። ያንን ሚኒባስ አገኘሁት ደግሞ፤ አምላክ ሲፈትን እንዲህ ነው። አልፌው ስሄድ መስኮቴን አውርጄ «ባትሪ ድንጋይ ላበድርህ?» አልኩት ወያላውን። ደስ አለኝ። እውነት ልናገር ካልኩ አይቀር፣ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን በሕይወቴ ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ አማተብኩ፤ ምን ብዬ እንዳማተብኩ እንጃ።

አራት ወር አልቆየችም። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎችን ጭኜ ዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ፣ የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ መጣ፣ ከዚያ ቀጥ አለች። ኪሩቤል መጥቶ፣ ቃሉን ጠብቆ፣ ኮምፒውተሯን ወደነበረበት መለሰና ሄደ። እኔም ለድርጅቱ ደወልኩ። ጭነው ወሰዷት።

ኢንጂነር ናትናኤል የተቃጠለውን ዕቃ በእጁ ገለባብጦ አየው። «ይሄ እንዲህ የሚነደው ከአቅሟ በላይ ስትሠራ ነው። ሌላ ቦታ ወስደዋት ያውቃሉ?» አለኝ። «ማርያምን አልወሰድኳትም!» አልኩ። በነካካኋት መኪና ደጃፏ ድረስ ወጥቼ ያማተብኩላትን ማርያምን ጠርቼ ማልኩ። ዕቃውን መልሶ አስቀመጠ። ዕቃው ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ተመርምሮ እስኪመጣ ወራት እንደሚፈጅ፣ መኪናዋም እስከዚያ እንደምትቆም ነገረኝ። አለበለዚያ እሱ ራሱ በኃላፊነቱ «የውጭ እጅ አልነካትም» ብሎ ፈርሞ አዲስ ይቀይርልኛል። «ለዚያ ግን ማመን አለብኝ» አለ። አላመነኝም። ደግ አደረገ።

ሌላ አገር ያለ ሰው እዚህ ላይ ጠበቃ ይፈልግ ይሆናል። እኔ ሽማግሌ ፈለግሁ። ለጋራንቲ ሽማግሌ! አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ከዚያ ያመኛል። ያኔ ግን ምንም እንግዳ ነገር አልመሰለኝም፤ ሰው እንቢ ሲል ሽማግሌ ይላካል፣ በቃ።

ጋሽ አንጁሎ ሸማ እየሠሩ አገኘኋቸው። እግራቸው የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ፣ ዓይናቸው ጥለቱ ላይ። ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ድርጅቱ በሐሰት እንደጠረጠረኝ፣ ሥራ ፈትቼ እንደተቀመጥኩ። እንባም ጨመርኩበት። እንባዬ ግን የውሸት አልነበረም፣ ለመኪናዬ ነበር።

«ልጄ፣ ሌላ እጅ ነክቷታል?» አሉኝ።

«አልነካትም ጋሽ አንጁሎ።»

መወርወሪያውን ከእጃቸው አስቀመጡና ቀና አሉ። «ሣሩን አንቺን ብዬ ነው የምይዘው። ልያዘው?»

«ይያዙት» አልኩ። ይኸው ነው። አንድ ቃል። ያን ጊዜ «ጋሽ አንጁሎ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ነክቻታለሁ» ብል ምን ይሆን ነበር? ይቆጡ ነበር፣ ከዚያ አብረውኝ ሄደው ጥፋቴን አምነው ይለምኑልኝ ነበር። ያንን እንኳ አላሰብኩትም። «ይያዙት» አልኩ እኔ።

በማግስቱ ማለዳ ወንዙ ዳር ወርደው ሣር አጨዱ። ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ፣ ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው። የድርጅቱ ዘበኛ በር ላይ «ሣር ይዞ መግባት አይቻልም» ብሎ አስቁሟቸው ነበር፤ ምን ብለው እንዳለፉት አላውቅም። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ፊት የሚያሳይ። አዳዲሶቹ መኪኖች መሐል፣ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ጋሽ አንጁሎ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ሲያርፍ ድምፁ ተሰማኝ።

«ይችን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ። አልነካሁም ብላኛለች። የእሷ ቃል የእኔ ቃል ነው» አሉ።

ኢንጂነሩ ከቢሮው ሮጦ ወጣ። «አባቴ፣ ኧረ ይነሱ! ኧረ በእግዚአብሔር!» እያለ እሱም ተንበረከከ፣ ክንዳቸውን ይዞ አነሳቸው። ዓይኑ እርጥብ ነበር። በዚያው ቀን ፈረመ። እኔ የት ነበርኩ? ዓምድ ጀርባ ቆሜ ስልኬን እነካካ ነበር።

መኪናዋ ስትሠራ መጀመሪያ የጫንኩት እሳቸውን ነው። ከፊት አስቀምጬ ቤታቸው ድረስ ወሰድኳቸው። «ድምፅ የላትም፣ ጨዋ መኪና ናት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ኪሩቤል ጋ አልሄድኩም። ይህም ጽድቅ ሆኖ እንዳይቆጠርልኝ፤ ፈርቼ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ የሰባት ቀን ስግደት ይበቃው ነበር። አላለቀም።

ድርጅቱ የተቃጠለውን ዕቃ ለካ ወደ ፋብሪካው ልኮት ኖሯል። ከስንት ወር በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ጉልበቷ መቼ እንደተከፈተ፣ መቼ ተመልሶ እንደተዘጋ፣ ሁሉም ተጽፎ። ኪሩቤል የሚታየውን ነው ያጠፋው፤ ዕቃው በውስጡ የያዘውን አላወቀም። ኢንጂነር ናትናኤልን «ምን ብለህ ፈረምክ?» ብለው ያዙት። እሱም ምን ብሎ ይመልስ? ሽማግሌ ሣር ይዘው ተንበርክከውብኝ ይበል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰፈራችን መጣ። መኪናውን አስፋልቱ ላይ አቁሞ፣ የቀረውን መንገድ በእግሩ ወጥቶ፣ ጋሽ አንጁሎ ግቢ ገባ። እኔንም አስጠሩኝ። ግቢው ውስጥ ባለቤታቸው አሉ፣ ቧንቧው ጋ ውኃ የሚቀዱ ሁለት ጎረቤቶች አሉ። ኢንጂነሩ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ሲንበረከኩልኝ ያውቁ ነበር?» አላቸው።

ጋሽ አንጁሎ ወደ እኔ ዞሩ። እንድናገር ነው የጠበቁኝ። ያን ጊዜ ያልኩትን አሁን ልጽፈው ነው።

«እኔማ ለጋሽ አንጁሎ እውነቱን ነግሬያቸው ነበር» አልኩ። «መጀመሪያ ፈርቼ ካድኩ፣ በኋላ ግን ተጸጽቼ፣ ጥፋቴን ነግራችሁ ይቅርታ አስደርጉልኝ ብዬ ነው የላክኋቸው። እንግዲህ እርጅና ነው... ረስተውት ይሆናል።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ቀድሜም አላሰብኩትም፤ አፌን ስከፍት ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ወጣ። ውሸታም ሆኜ ከምገኝ፣ የተጸጸተች ሴት ሆኜ ተገኘሁ። ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልዬ በአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ላይ ጫንኩት። ከየት አመጣሁት? እንዲህ ያለ ነገር ሰው ከየት ያመጣል?

ጋሽ አንጁሎ አዩኝ። በዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ዞረው፣ «ነግራኝ ይሆናል፣ ልጄ። ረስቼው ይሆናል። አንተን ግን በድያለሁ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳማቸው። ወጥቶ ሲሄድ ወደ እኔ አላየም። የጋራዥ ኃላፊነቱን እንደቀሙት በኋላ ሰማሁ። የእኔ ጋራንቲ ተሰረዘ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ለተጸጸተ ሰው አዘኑለት።

ለምን እንዲያ እንዳሉ ጠይቄያቸው አላውቅም። ውሸታም ናት ቢሉ ማን አያምናቸውም ነበር? የጎረቤቴ የጌታሁን ልጅ በአደባባይ ከምትዋረድ እኔ ልዋረድ ብለው ይሆን? ወይስ ሣሩ ለውሸት ከተያዘ ወዲያ ስማቸው ለምንም አይሆነኝም ብለው? አላውቅም። ማወቅም የምፈራ ይመስለኛል።

ቧንቧው ጋ የነበሩት ሴቶች ውኃቸውን ብቻ ይዘው አልሄዱም። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ አንጁሎ መርሳት ጀምረዋል አሉ» ይል ጀመር። እዝነት ነበረው አነጋገሩ፤ እሱ ነው ይበልጥ የከፋው። ነጋዴዎቹ ጥለት የበዛበትን የሙሽራ ልብስ ለሌላ ሸማኔ መስጠት ጀመሩ፤ ድንገት ጥለቱን ቢረሱትስ ብለው። የስንት ዓይነት ጥለት ቁጥር በቃላቸው የያዙ ሰው! አሁን ተራ ነጠላ ነው የሚሠሩት፣ ጥለት የሌለው። ሣር ይዘው ሲንበረከኩም ከዚያ ወዲህ ያየ የለም። የተጣላ ሰው ደጃቸው ሲመጣ «ሌላ ሰው ፈልጉ» ይሉ ነበር፤ ቀስ በቀስ የሚመጣም ጠፋ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ እዚያው ነበርኩ። አርባ እርምጃ። አንድም ቀን ሄጄ «ጋሽ አንጁሎ አልረሱም፣ እኔ ነኝ» አላልኩም። ዛሬ እነግራለሁ እላለሁ፣ ስልኬ ይጠራል፣ ተሳፋሪ አለ፣ እሄዳለሁ።

ባለፈው እሑድ እድራችን ተሰብስቦ ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች ልጆቻቸው ተደባድበው፣ አንዱ ጥርሱ ረግፎ፣ ወላጆቹ በር ለበር እየኖሩ ሰላም መባባል ካቆሙ ወር አልፏቸዋል። አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ይሄን የሚጨርሰው አንጁሎ ነው፤ እንሂድ፣ እግሩ ላይ ወድቀን እንለምነው» አሉ። ደስ አለኝ፣ እመኑኝ፣ ደስ አለኝ። ከኋላ አንዱ «ጋሽ አንጁሎማ ይረሳሉ እኮ፤ የሰናይትን መኪና ነገር አታስታውሱም?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምስክር ነኝ እኮ!

ዕድል ማለት ይህ አይደለም? ከዚህ በላይ ምን ይመቻችልኝ? ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ዝም ብሎ፣ አፌን እያየ። ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አርጅተዋል። ባናስቸግራቸው ይሻላል» አልኩና ተቀመጥኩ።

እነዚያ ጎረቤታሞች እስካሁን አይነጋገሩም። በሮቻቸው ትይዩ ናቸው።

ጋሽ አንጁሎ ማለዳ ማለዳ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መኪናዬ ድምፅ የላትም፤ እሳቸው ግን ስመጣ ሁልጊዜ ቀና ይላሉ። መስኮቴን አወርዳለሁ፣ ደህና አደሩ እላለሁ። እሳቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ይሉና እናቴ ደህና እንደሆነች፣ የወንድሜ ልጅ ፈተናውን እንዳለፈ፣ ባለፈው ማክሰኞ ያመመኝ ጥርስ እንደተሻለኝ፣ አንድም ሳያስቀሩ ይጠይቁኛል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ዳገቱን ትወጣልሻለች?» አሉኝ። «ትወጣለች» አልኩ፣ መስኮቴን ዘጋሁ።

ይቅር በሉኝ ብዬ ነበር መጨረስ ያሰብኩት። እናንተን ግን ምን በደልኳችሁ? የበደልኳቸው እሳቸውን ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ያለ በደል የበደለ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም፤ ሽማግሌ ይልካል። ማንን ልላክ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ፣ ቤት ለቤት፣ በሐሳቤ ዞርኩ። የተቀየመ ሰው ፊት ሲንበረከኩ እንቢ የማይባሉ አንድ ሰው ነበሩን፤ እሳቸውን ደግሞ እኔ «ይረሳሉ» ብያለሁ።